ወደ በሩ ያለው ቁጥር አንድ ነው

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ከጅማ ወጥተን ሸቤ ውለን ገባን። ሁለቴ በሳሙና ታጥቤም እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ራቴን እንዲሁ በላሁት፣ ምን ይደረግ።

የአቶ በየነ ሞተር ነው። ቡና መፈልፈያውን የሚያዞርላቸው፣ ባለ አራት ፒስተን፣ ዕድሜው ከኔ የሚበልጥ። ድሮም ያስለው ነበር፤ ሰሞኑን ማንኳኳት ጀመረ። ከዚህ የባሰ ጊዜ አይመረጥም። ቡናው ቀልቷል፣ ገበሬው ጆንያውን ይዞ ግቢው ውስጥ ተኮልኩሏል፣ እሸት ቡና ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ካደረ ይቦካል። አቶ በየነ ጅማ ድረስ የምጭንበት ጊዜ የለኝም፣ እዚሁ መጋዘኑ ውስጥ ክፈቱት አሉ። ከፈትነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አባ ፎጊ ከሥር፣ እኔ ከላይ። እሳቸው በጀርባቸው ተኝተው የቢዬላዎቹን ክዳን ይፈታሉ፤ እኔ ፒስተኑን ከነቢዬላው ወደ ላይ እመዛለሁ። ደብተሬ፣ አንቺ መካኒክ አይደለሽምና ላስረዳሽ። ቢዬላ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። ክዳኑ ከታች ሆኖ ዘንጉን ያቅፋል። ቢዬላና ክዳን ሲሠሩ አንድ ላይ ታስረው ነው የሚቦረቦሩት። ስለዚህ አራቱ ክዳኖች መንታ ቢመስሉም እያንዳንዱ ለገዛ ቢዬላው ብቻ ነው። በሌላው ላይ ብታስሪው የገጠመ ይመስላል። ክፋቱም እሱ ነው።

ቁጥራቸውን ከኛ በፊት የከፈተው ሰውዬ በሞረድ ፍቆ አጥፍቶታል። እጁን ይቁረጠውና። እኔ በየቢዬላው ላይ ሲባጎ ቋጠርኩ፤ ከማራገቢያው በኩል ጀምሬ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አባ ፎጊ ክዳኖቹን እንደ ልማዳቸው ባዶ ጆንያ ላይ ደረደሩ። ምልክት አያደርጉም። ብረትን በመውጊያ መምታት ማቁሰል ነው ይላሉ። ምልክታቸው ረድፋቸው ነው። እኔም በዚያ ረድፍ ነው ያደግኩት፦ ወደ በሩ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። ቁጭ አድርገው አላስተማሩኝም፤ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ባለው ጋራዣችን ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ዓይኔ የለመደው ነው።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ዛሬ ቁልፍ ቁ. 17 በእጃቸው ይዘው 17 የት ሄደ አሉኝ። ምሳ በልተን ስናበቃ ምሳ መቼ ነው አሉ። ልጃቸው ነጂብ (ስልክ ቤት ያለው) ባለፈው ቁርጡን ነግሮኛል፤ አንድ ጥፋት ከሰማሁ ፋዘር ከቤት አይወጣም ብሏል። ተሟግቼ ጋራዥ እንዲመጡ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጭንቅላታቸው ቢረሳ እጃቸው አይረሳም አልኩት። አባ ፎጊ ጋራዥ ካልመጡ ሰው አይሆኑም። ይህን አውቃለሁ፤ ስለዚህም እፈራለሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ጅማ፣ ብረት በሚቆርጡበት ቶርኖ ቤት ተገትሬ ዋልኩ። የአራቱን ቢዬላዎች የላይኛውን ቀለበት ቀየሩልኝ። ክዳኖቹን ለዚህ ሥራ ስለማይፈልጓቸው ሸቤ፣ ጆንያው ላይ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ትቻቸዋለሁ።

ከሰዓት ነጂብ ደወለ። የአባቱ ስኳር ወርዶ ሲያንቀጠቅጣቸው አድሯል። ከእንግዲህ ሸቤ የሚባል ነገር የለም አለ። ትንሽ ይረፉ ብዬ ተስማማሁ። ብቻዬን እገጥመዋለሁ። ፈርተሻል ወይ ብትዪኝ አልፈራሁም። ትንሽ ብቻ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ማታ

ገጥሜ መጣሁ።

አቶ በየነ ከአናቴ ላይ አልወርድ ብለው ዋሉ። አሁንስ? አሁንስ? ወንድ መካኒክ ቢሆን እንዲህ ይቆሙበት ነበር? ተይው። ቡናው መሽተት ጀምሯል። ገበሬዎቹ አይናገሩም፣ ያዩኛል ብቻ። እሱ ይብሳል።

ክዳኖቹ አባ ፎጊ እንዳስቀመጧቸው ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም። ከበሩ ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከቋጠሮዬ ጋር አገናኘሁ፣ አጠበቅሁ።

ክዳንና ቢዬላ ሲገናኙ መጋጠሚያቸው ላይ ጥፍር ማሳለፍ አለ። ጥፍርሽን ከያዘው ባዕድ ናቸው። ያስተማሩኝ አባ ፎጊ ናቸው። ዛሬ አላሳለፍኩም። እሳቸው የደረደሩትን መፈተሽ፣ አባትን ደረሰኝ አምጣ እንደማለት ነው ለኔ።

ዘንጉን በእጄ ሳዞረው ከበድ አለኝ። በዘንጉና በክዳኑ መሃል የሚገባው ስስ ብሮንዝ አዲስ ስለሆነ ነው አልኩ። አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይጠብቃል። ተነሣ። ነጭ ጢስ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። አቶ በየነ ጥርሳቸው ታየ፤ ገበሬው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ጆንያውን መጎተት ጀመረ።

ለአባ ፎጊ ደወልኩ። ተነሣ አልኳቸው። ጋሪ፣ ጋሪ ኢንተላ ኮ አሉኝ፤ ጎበዝ፣ ጎበዝ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ነው፣ ሁልጊዜ። ድምፃቸው ደስ አለው። እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ተሰበረ።

ቢዬላ ቁ. 2 ተበጥሶ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ። ዘይቱ መሬቱን አጥቁሮታል። ሰው አልነካም፣ ተመስገን። ቡናው ግን ተፈረደበት። ግማሹ ገንዳ ውስጥ ቀርቷል፣ ግማሹ ከነልጣጩ ጆንያ ውስጥ ሞቆ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። እናቴን የሚያህሉ ሴት ከጆንያቸው አንድ እፍኝ አውጥተው ያሸቱታል፣ ይመልሱታል፣ እንደገና ያሸቱታል። ዓመት የጠበቁት ነው።

የተረፉትን ክዳኖች ጥፍሬን አሳለፍኩባቸው። ያዘኝ። ሌላውም ያዘኝ። ሁሉም ባዕድ ላይ ነው የታሰሩት። ተደበላልቀዋል።

አቶ በየነ ሰው ሁሉ ቆሞ እያለ ይህን ማን አደረገው አሉኝ። እኔም አባ ፎጊ ናቸው የደረደሩት፣ ሰሞኑን ይረሳሉ አልኩ። እንዲሁ አልኩት፣ ጮክ ብዬ። አቶ በየነ የጃጀ ሽማግሌ ሞተሬን በላው ብለው ያላሉት የለም። አንዱ ሳቀ። እኔ ቁልፎቼን ለቀምኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያልኩት እውነት ነው ግን። እውነት ከሆነ ምራቄ ለምን መረረኝ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

እኔ ሳልነግራቸው ሰምተዋል። አቶ በየነ ለነጂብ ደውለው ነበር። ቢሆንም ጋራዥ መጡ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆሙ።

ዛሬ አልዋሽሽም ደብተሬ። ጮኽኩባቸው። የማይችሉ ከሆነ አልችልም አይሉም ወይ፣ የኔን ስም ለምን ይቀብራሉ፣ የሰው ዓመት ልፋት ገደል ገባ አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ማንንም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። ድሮ ለአንድ ብሎን ግማሽ ቀን የሚሟገቱ ሰው ናቸው። አልተከራከሩም። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ፣ ከዚያ ጀርባውን። ሊሆን ይችላል ኢንተላ ኮ፣ አሉ። ሊሆን ይችላል። ነጂብ መኪና ይዞ ውጭ ይጠብቃቸው ነበር። ሄዱ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን ነው የዋለው። ዓይኔ ይለበልባል። ቤ/ክ ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ።

ሁለት ደንበኞች መጡ። ሽማግሌው የሉም? የሉም። እንመለሳለን አሉ። አልተመለሱም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሰቶ ሰመሮ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ወተት ይዤ። ሳልሄድ መቆየቴ ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ በር ላይ ያዙኝ፤ ወደ ውስጥ ሳያስገቡ በሹክሹክታ ነገሩኝ። አባ ፎጊ ብቻቸውን መስገድ ትተዋል። አጠገቤ ተቀመጪና ስግደቴን፣ ረከዓውን፣ ቁጠሪልኝ ይላሉ። ሲጨርሱ አራት ነበር? ይሏቸዋል። አራት ነበር ይላሉ እትዬ ዘሃራ። አያምኗቸውም፤ ተነሥተው እንደገና ይሰግዳሉ። መድኃኒታቸውንም ከሳቸው እጅ ካልሆነ አይውጡም። ጨውና ስኳሩን ለይተው ማወቃቸውን ይጠይቃሉ፣ እየቀመሱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰገዱት ሶላት ነው እኮ፣ አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ጋራዥ የሄደ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ በአንድ ሳምንት ምን ነካው?

ገባሁ። አወቁኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራ አልጠየቁኝም። እጃቸውን ጋቢው ውስጥ እንደከተቱ ናቸው። ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ።

በሽታው ገፍቷል። ነጂብ ልክ ነበር፣ እኔ ነኝ ግትር። በዚህ ብጽናና ደስ ይለኝ ነበር። አልተጽናናሁም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

 በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ከቦንጋ የመጣ ሹፌር የራዲያተር ሥራ ይዞ መጣ። የቀትር ሶላት፣ ዙህር፣ ደረሰበት። ውኃ ለመነኝ፣ ተጣጠበ፣ ከዚያ የሚሰግድበትን አቅጣጫ፣ ቂብላ በየት በኩል ነው አለኝ። እኔ ክርስቲያኗ ስለ ቂብላ ምን አውቃለሁ ልለው ስል እጄ ቀድሞኝ ወደ በሩ ተዘረጋ። አባ ፎጊ እዚህ ሲሰግዱ ፊታቸው ወደ በሩ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያየሁት ነው። ሹፌሩ ሰጋጃውን ወደ በሩ አነጠፈ።

ራዲያተሩን ፈትቼ ሳልጨርስ ቆምኩ። ወደ በሩ። ክዳኑም ወደ በሩ። ሶላቱም ወደ በሩ።

ሸቤስ?

ዓይኔን ጨፍኜ ያን ማክሰኞ አሰብኩት። አባ ፎጊ በጄሪካን ውኃ ተጣጠቡ። ውጭው ፀሐይ ስለነበረ መጋዘኑ ውስጥ ሰገዱ። ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ፊታቸው የቡናው ጆንያ ወደተደገፈበት ግድግዳ ነበር፤ ዕቃ ለማንሣት ስል በፊታቸው እንዳላልፍ በጀርባቸው፣ በበሩ በኩል ዞሬያለሁ። የሸቤው መጋዘን በሩ ከኛ ጋራዥ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው ያለው።

ቁጥር አንድ ወደ በሩ አልነበረም። በፍጹም ሆኖ አያውቅም። ቁጥር አንድ ወደ ቂብላ ነው። ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ወደዚያ ያስቀምጣሉ፣ ሌላው ይከተላል። የኛ ጋራዥ በር እንዲያው ወደዚያ ሆኖ ተገኘ፣ እኔም በሩን ያዝኩ። አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ስለዚህ እሳቸው በትክክል ደርድረው ሄዱ፤ እኔ ከጭራው አነበብኩት። የአራትን ክዳን በአንድ ላይ፣ የሦስትን በሁለት ላይ አሰርኩ።

ሹፌሩ እህቴ ምን ሆንሽ አለኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩት።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

በመጀመሪያው መኪና ሸቤ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ፣ ተሳስቼ ብሆን ብዬም።

የተሰበረው ሞተር መጋዘኑ ጥግ ተጥሏል፤ አቶ በየነ ሌላ ተከራይተው እየፈለፈሉ ነው። የተሰበረ ዕለት ስፈታቸው ቢዬላዎቹም ክዳኖቹም ላይ እንደገና ሲባጎ ቋጥሬ ነበር፤ ቋጠሮዎቼ አሁንም አሉ። የአንድን ቢዬላ አንሥቼ አራት ላይ ታስሮ የነበረውን ክዳን ገጠምኩበት። ጥፍሬን አሳለፍኩ። አልያዘኝም። አንድ ብረት ነው፤ መጋጠሚያው ራሱ አይታወቅም። የአራትን ቢዬላ አንሥቼ ከአንድ ላይ የወረደውን ገጠምኩበት። አልያዘኝም። ሁለትና ሦስት እንኳ የማይታዩ ሆነው ተጨማደዋል። ግን ይበቃል። የጃጀ ሰው ቢያደበላልቅ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይገለብጥም። እንዲህ የሚገለብጠው አነባለሁ ባይ ብቻ ነው።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ይደበቃል።

ከዚያ ወጣሁ። የሰደብኳቸው በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታው በጓዳ አይሆንም። ገበሬዎቹ ቡና በሚያስመዝኑበት ቆሜ ለአቶ በየነ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ ፎጊ በትክክል ነው የደረደሩት፣ እኔ ነኝ ገልብጬ ያነበብኩት። ስለ ቂብላው ሳስረዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ በየነ እስክጨርስ ሰምተውኝ፣ ድሮም ሴት ልጅ ሞተር ውስጥ እጇን ስትከት ነው የጠረጠርኩት አሉ። እኚያ የእናቴ እኩያ እዚያ ነበሩ።  ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ያዩኝ ነበር። እሳቸውን ምን ልላቸው እችላለሁ?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

መጀመሪያ ነጂብ። ስልክ ቤቱ ሰው ነበረበት፣ ውጭ ጠርቼ ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋዘር ጭንቅላቴ ታሟል ብሎ ተኝቷል፣ አሁን ነው የምትነግሪኝ? አለኝ ብቻ። አሁን ነው ያወቅኩት አልኩት። ሂጂ ራስሽ ንገሪው አለኝ።

ሄድኩ። እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። እንዳትንበረከኪ አሉ፣ አነሡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሹፌሩን፣ በሩን፣ ጥፍሬን። አራት ጠጠር መሬት ላይ ደርድሬ አሳየኋቸው። እዚህ ቂብላ፣ እዚህ በር፣ እርስዎ በዚህ፣ እኔ በዚያ።

በትኩረት ሰሙኝ። ከዚያ፣ እኔ ወደ ቂብላ ነው እንዴ የማስቀምጠው? አሉኝ።

አዎ፣ ሁልጊዜ አልኳቸው።

ወላሂ አላውቅም፣ አሉ።

አያውቁትም። ለካ ለኔ ያልነገሩኝ ራሳቸውም ስለማያውቁት ነው። እጃቸው ነበር የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ያንን እጅ ነው ያስጠረጠርኳቸው።

በማርያም እምልልዎታለሁ አልኩ። እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ራሴን ዳበሱኝ። ለኔ ብለሽ አትማዪ፣ አሉ። አንቺ ድሮም ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ሽማግሌ እንዳይከፋው ብለሽ ጥፋቴን ተሸከምሽልኝ። አላህ ይስጥሽ። እትዬ ዘሃራ ከበስተኋላቸው ቆመው ያለቅሳሉ። እንባቸው ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ የታመመ ሰው ፊት የሚለቀስ ለቅሶ ነው የመሰላቸው።

ስዋሽባቸው ወዲያው አመኑኝ። እውነቱን ስነግራቸው አላመኑኝም።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ሥራ የለም። የሸቤው ወሬ ጅማ ገብቷል። አንዱ ትናንት ያመጣውን ቴስታታ (የሞተር አናት) ሳልነካው መልሶ ወሰደ፤ ሌላ ቦታ ፈጠን ይሉልኛል አለ። ይበለኝ። እውነቱን ተናግሬ ሰው ያመሰግነኛል ብዬ ነበር እንዴ? የለም። አባ ፎጊ ይመለሳሉ ብዬ ነበር።

የገዛ ጄኔሬተሬን ሞተር ፈታሁ። ባለ ሁለት ፒስተን፣ መብራት ሲጠፋ ጋራዡን የምታንቀሳቅስልኝ። በጭነት ባጃጅ አስጭኜ ሰቶ ሰመሮ፣ ግቢያቸው ወሰድኳት። ነጂብ ምን ልታደርጊ ነው አለ። ልሠራ አልኩት። ወደ ግቢያቸው እንዳልገባ ከልክሎኝ አያውቅም፣ ዛሬም አልከለከለኝም።

አባ ፎጊ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ። ክዳኖቹን ፈትቼ ያስቀምጡልኝ ብዬ ዘረጋሁላቸው። አንቺ አስቀምጪ አሉ። እጃቸው ከጋቢው አልወጣም።

ሰኞ እመለሳለሁ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ዛሬ ሆነ ብዬ አጠፋሁ።

ሁለቱን ቢዬላዎች ጆንያ ላይ አጋደምኩ፤ ክዳኖቻቸውን አቀያይሬ ከሥራቸው አስቀመጥኩ። በቀስታ፣ እንዲያዩኝ። አዩ። ዓይናቸው እዚያው ላይ ቀረ፣ አልተነቀለም። የድሮ ፊታቸው መጣ፤ ብሎን አላግባብ ሳጠብቅ የሚመጣው፣ ግንባራቸው የሚቋጠረው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንድ እጃቸው ከጋቢው ወጣ። 

ከዚያ ዞር ብለው፣ ዘሃራ፣ ልክ ነው? አሉ።

እትዬ ዘሃራ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቢዬላ ምን እንደሆነ አያውቁም። ቀና ብለው ጆንያውን አዩት፣ ባላቸውን አዩ። ልክ ነው፣ አሉ፣ ሊያረጋጓቸው። ልክ ነው አባ ፎጊ።

ኤዬ፣ አሉ፣ እሺ እንደማለት። እጃቸውን መልሰው ጋቢው ውስጥ ከተቱ።

እትዬ ዘሃራን ምን እላቸዋለሁ? ሦስት ሳምንት ሙሉ አራት ነበር፣ ልክ ነው፣ ጨው ነው ሲሉ የከረሙ ሴት ናቸው። ከኔ ይልቅ እሳቸው ደክሟቸዋል። እኔ ግን አይቻለሁ። ያ ግንባር ስህተቱን አውቆታል። ሰውዬው እዚያው ውስጥ አሉ፣ ምንም አልሆኑም። ራሳቸውን ማመን ብቻ ነው የቀረባቸው፣ እሱን ደግሞ የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ወስኛለሁ።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ነጂብ ሱቁን ሊከፍት ይወጣል። እትዬ ዘሃራን ለምኜ ገበያ እልካቸዋለሁ፣ ልክ ነው የሚል ሰው ግቢው ውስጥ እንዳይኖር። የአንድን ክዳን በሁለት፣ የሁለትን በአንድ ላይ አስሬ አጠብቃለሁ፣ እሳቸው እያዩኝ። ሁሉንም መልሼ እገጥማለሁ። ዘይት እሞላለሁ፣ ናፍጣ እሞላለሁ። የሚወስደውን ጊዜ ይውሰድ፣ አልቸኩልም። ከዚያ ማስነሻውን እይዛለሁ።

ዝም ካሉኝ አስነሣታለሁ። ስትጮህ ይሰሟታል፣ ስታንኳኳም ይሰሟታል። ያኔም ዝም ካሉ እስክትበጠስ አላጠፋትም። የኔ ናት፣ ትሰበር። ከዚያ በኋላ ጋራዡ በጨለማ ነው፣ ይሁን።

ተይ ሊሉኝ የሚችሉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ የሚጠይቁት ሰው ደግሞ አይኖራቸውም።